የሶላት ሰዓት የሚነግረን ስልክ ስለ እኛ ለማን ይናገራል?

የሶላት ወቅትንና የቂብላን አቅጣጫ የሚያሳይ መተግበሪያ ስልኩ ላይ የጫነ ሙስሊም ዛሬ ብዙ ነው። መተግበሪያው ገና ሲከፈት ያለንበትን ቦታ ለማወቅ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እኛም ብዙ ሳናስብ እንፈቅዳለን። ጥያቄው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ፀሐይ አዲስ አበባና ሪያድ ላይ እኩል ስለማትጠልቅ፣ መግሪብን ለማስላት ከተማችን መታወቅ አለበት። ግን ያ መረጃ ከስሌቱ በኋላ የት ይሄዳል?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የአሜሪካ የዜና አውታር አንዱን መንገድ ይፋ አደረገ። ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደው «ሙስሊም ፕሮ» የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ-ሞድ ለተባለ መረጃ ነጋዴ ይልክ ነበር። ኤክስ-ሞድ ደግሞ ለኮንትራክተሮች፣ በእነርሱም በኩል ለአሜሪካ ጦር ይሸጥ ነበር። ዜናው እንደተሰማ የሙስሊም ፕሮ ባለቤቶች ግንኙነቱን ማቋረጣቸውን አስታወቁ። በጃንዋሪ 2024 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኩባንያው ስሱ የሆኑ ቦታዎችን የሚያሳይ መረጃ እንዳይሸጥ አገደ፤ የአምልኮ ቦታዎችም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

«ስሜ አልተላከም፣ ምን ቸገረኝ?» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። እውነት ነው፣ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ የስልኩ መለያ ቁጥርና የቦታና የሰዓት ዝርዝር ብቻ ነው። ነገር ግን ስልኩ ሁልጊዜ አንድ ቤት የሚያድር፣ ፈጅር ላይ አንድ መስጂድ የሚደርስ፣ ቀን ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት የሚውል ከሆነ ባለቤቱን ለማወቅ ስም አያስፈልግም። እንዲህ ያለ መንገድ የሚሄድ ሌላ ሰው የለማ!

ነገሩ በስልክ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዟ በርሚንግሃም፣ ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩባቸው ስፓርክብሩክና ዋሽዉድ ሂዝ ሰፈሮች ከ200 በላይ ካሜራዎች ተተከሉ። አብዛኞቹ የመኪና ታርጋ የሚያነቡ ሲሆኑ 72ቱ የተደበቁ ነበሩ። ለነዋሪው የተነገረው ወንጀል ለመከላከል ነው ተብሎ ነው፤ ገንዘቡ፣ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ የመጣው ግን ከፀረ-ሽብር በጀት ነበር። ነዋሪው ተቃወመ፣ ገለልተኛ ምርመራ ተደረገ፣ የፖሊስ አዛዡ ይቅርታ ጠየቁ፣ በ2011 ካሜራዎቹ ተነቀሉ። እኛ እንደምናየው ሕዝቡን ከካሜራው በላይ ያስቆጣው መታለሉ ነው።

በዲናችን የሰውን ገመና መከታተል፣ ተጀሱስ፣ በሱረቱል ሑጁራት በግልጽ የተከለከለ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በበራቸው ቀዳዳ አጮልቆ ያያቸውን ሰው አጥብቀው ገሥጸዋል፤ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑንም አስረድተዋል። ይህ ማለት ካሜራ ሁሉ ሐራም ነው ማለት አይደለም። በመስጂዶቻችን በር ላይ ለጥበቃ (ለጫማ ሌባም ጭምር) የሚተከለውን አንቃወምም። ነገር ግን ቅጂውን ማን ያያል? ስንት ቀን ይቀመጣል? የመስጂድ ኮሚቴዎች ለጀመዓው ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ነው። በኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ የሚሰበስብ አካል ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል።

እስከዚያው በስልካችን ልናደርገው የምንችለው ቀላል ነገር አለ። በቅንብሮች ውስጥ ገብተን የሶላት መተግበሪያውን የመገኛ ፈቃድ እንዝጋው፤ ከተማችንን በእጃችን እንምረጥ። የሶላት ሰዓቱ በዚያው ይሠራል። ቂብላ ለማየት ከፈለግንም ፈቃዱን «በምጠቀምበት ጊዜ ብቻ» በሚለው ላይ አድርገን፣ ትክክለኛ መገኛ የሚለውን ማጥፋት እንችላለን፤ ለቂብላ የሰፈር ግምት በቂ ነው። ከተማ በእጅ መምረጥን የማይፈቅድ መተግበሪያ ካጋጠመን ደግሞ ሌላ እንፈልግ።