ለአዲሱ ሕፃን ቪዲዮ የትኛው ካሜራ ይሻላል?

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚሉ እንግዶች ይገባሉ ይወጣሉ፤ የአራሷ ገንፎ ይገነፋል፤ ሕፃኑ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዘዋወራል። በዚህ መሐል ከባልና ሚስት አንዳቸው «ስልካችን ይበቃናል ወይስ ቪዲዮ ካሜራ እንግዛ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ግን ቪዲዮው ከሃያ ዓመት በኋላ ለልጃችሁ ምን እንዲያሳየው እንደምትፈልጉ ተነጋገሩ።

ባምቢስን እንውሰድ። የሰፈሩ ስም የመጣው አንድ ግሪካዊ ከከፈተው ሱፐርማርኬት ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች የተወረሰ ነው። ስሞቹ አሁንም አሉ፤ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ግን በካዛንቺስ በርካታ ቤቶች ለልማት ፈርሰው ብዙ ቤተሰብ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። እዚያ የተወለደ ልጅ ነገ «ቤታችን የቱ ነበር?» ቢል የሚያሳዩት በር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከሕፃኑ ፊት በተጨማሪ ቤቱን፣ ግቢውን፣ የጎረቤቱንና የአያቱን ድምፅ የሚያስቀር ካሜራ ያስፈልጋችኋል።

ስልክ ወይስ ካሜራ?

ለዕለት ተዕለት ፈገግታና ለመጀመሪያው እርምጃ ስልክ ይበቃል፤ ሁልጊዜ እጃችሁ ላይ ነውና። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ፣ ወይም በሰባተኛው ቀን አቂቃ ሲወጣ ግን ቀረጻው ይረዝማል። ስልክ መሐል ላይ ይደወልበታል፣ ቦታው ይሞላል። ቪዲዮ ካሜራ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ስትመርጡ «ኦፕቲካል ዙም» የሚለውን ቁጥር እዩ፤ ሌንሱ ራሱ ስለሚያቀርብ ምስሉ አይበላሽም። «ዲጂታል ዙም» የሚባለው ግን ምስሉን ቆርጦ ማስፋት ብቻ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሞክሩት

መብራት በደከመበት ጥግ ቆማችሁ ቅረጹ። ሦስት ሜትር ርቆ የቆመ ሰው በተለመደ ድምፁ ይናገር፤ ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ መልሳችሁ ስሙት። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ይታለፋል፤ አያት የተናገሩት ካልተሰማ ግን ምንም አይተካውም። ተጨማሪ ማይክሮፎን የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው ካሜራ ይመረጣል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ትርፍ ባትሪም ያዙ።

ዘመድ ከአሜሪካ ካመጣላችሁ

የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ቻርጀሩ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ከሌለ ሶኬት ላይ አትሰኩት፤ ሊቃጠል ይችላል። በሸምበቆ አምፖል ወይም በአንዳንድ ኤልኢዲ መብራት ሥር ስትቀርጹ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ካሜራው አልተበላሸም። ከማስተካከያው ውስጥ «ኤንቲኤስሲ» የሚለውን ወደ «ፓል» ወይም 60ውን ወደ 50 ለውጡት። ይህ ምርጫ ከሌለው የሹተሩን ፍጥነት መቶኛ ሰከንድ ላይ አድርጉት።

የት ይቀመጥ?

የ«ፎር ኬ» ጥራት በአንዳንድ ስልኮች በደቂቃ 350 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል፤ በሰዓት 21 ጊጋባይት ማለት ነው። ለቤት ማስታወሻ «ፉል ኤችዲ» ይበቃል፤ ቦታውም ከግማሽ በታች ነው። ካሜራው «ኤምፒ4» በሚባለው ፋይል የሚያስቀምጥ ይሁን፤ በአብዛኛው ኮምፒውተርና ስልክ ይከፈታልና።

የእናንተ ሠርግ ወይም ልደት በካሴት ከሆነ ማጫወቻ መፈለግ ምን ያህል እንደሚያደክም ታውቁታላችሁ። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች የጃፓኑ ፉናይ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የአዲሱን ልጅ ቪዲዮ ስታደራጁ እነዚያን ካሴቶችም ወደ ዲጂታል አስገልብጡ።

ሜሞሪ ካርድ ማስቀመጫ አይደለም፤ ይጠፋል፣ ይበላሻል። በየወሩ መጨረሻ ሁለት ቅጂ አድርጉ፦ አንዱ ቤት ባለ ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው በዘመድ ቤት ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጫ። የፋይሉን ስም በቀን፣ በቦታና በሰዎቹ ስም ጻፉት።

ምን ይቀረጽ?

አያት ስሙ ለምን እንደወጣ ይናገሩ። ከበሩ እስከ መንገዱ በዝግታ እየሄዳችሁ ቅረጹ፤ የታክሲው ረዳት «ባምቢስ! ካዛንቺስ!» ሲል ይሰማ። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያም ግዙ፤ ዋጋው ከካሜራው ጋር አይወዳደርም። ሁልጊዜ ቀራጩ አባት ከሆነ ልጁ ሲያድግ የአባቱን ድምፅ እንጂ ፊቱን አያገኝም። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አድርጉና ሁላችሁም ሕፃኑ አጠገብ ተቀመጡ።