ኮምፒዩተርና የቤት ፕላን፤ የማይቈጠረውስ የት ይግባ?

ባለፈው ሰሞን አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ ወዳጃችን የሠራውን የመኖሪያ ቤት ፕላን በኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ አሳየን። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነንና ስለ ፕላን አዋቂዎች አይደለንም፤ ሆኖም ቤት ውስጥ ያላደገ ሰው ስለሌለ አስተያየት ለመስጠት አላፈርንም። ሥራው በእውነት ያምራል። ሳሎኑ ሶፋ ተደርድሮበታል፤ መታጠቢያ ቤቱ ገንዳ አለው፤ በደጁ አውቶሞቢል ቆሟል፤ በአጥሩ ጥግ ዘንባባ በቅሏል። ከመካከላችን አንዷ ግን ወጥ ቤቱን ትክ ብላ ካየች በኋላ «ታዲያ እንጀራው የት ነው የሚጋገረው?» ስትል ጠየቀች።

ወዳጃችን መጀመሪያ ሣቀ፤ ቀጥሎ ዝም አለ። ኋላም እውነቱን ነገረን። ሶፋውም፣ ገንዳውም፣ ዘንባባውም በፕሮግራሙ ውስጥ ተሥለው የተቀመጡ ናቸው፤ የሠሪው ድርሻ መርጦ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ምጣድ ግን በዚያ ግምጃ ቤት የለም። «ራሴ ልሥለው አስቤ ነበር፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ተውኩት» አለን።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቤቱ በዚህ ፕላን ቢሠራ፣ እንፋሎቱ መውጫ፣ ሊጡም ማስቀመጫ አጥቶ፣ አንዲት እናት ዕድሜዋን በሙሉ በኮሪደር ላይ ስትጋግር ትኖራለች። ማንም ክፉ አላሰበባትም፤ የተዘጋጀ ሥዕል ስላልነበረ ብቻ ተረሳች። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ምጣድ ነው። ጥያቄያችንም፣ ኮምፒዩተር ወደ ሕንፃ ሥራ ሲገባ ምን ይጨምርልናል? ሳናውቀውስ ምን ይወስድብናል? የሚል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያው ሥዕል እንዴት ተማረ?

ኮምፒዩተር መጀመሪያ የሒሳብ መሣሪያ ነበር። በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ ወጣት ተመራማሪ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ማዕረግ ባቀረበው ሥራ «ስኬችፓድ» የሚባል ፕሮግራም አሳየ። ሠሪው በብርሃን ብዕር መስተዋቱን እየነካ መስመር ይሥላል፤ እነዚህ ሁለት መስመሮች ትይዩ ይሁኑ ብሎ ሲያዝ መሣሪያው ራሱ ያስተካክላቸዋል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን አንድ ጊዜ የተሣለውን ነገር እንደ ልብ ደጋግሞ መገልበጡ ነው፤ ዋናው ሲለወጥ ቅጂዎቹም ሁሉ አብረው ይለወጣሉ።

አንባቢ ልብ ይበል፤ የወዳጃችን ሶፋ የዘር ሐረጉ ከዚህ ይመዘዛል። ፕላን በእጅ ይሣል በነበረበት ዘመን ሶፋም ምጣድም ለሠሪው እኩል ድካም ነበሩ። ከስኬችፓድ ወዲህ ግን ተሥሎ የተቀመጠው ያለ ድካም ይገኛል፤ ያልተቀመጠው እንደ ድሮው ያደክማል። መሣሪያው ምጣድ አትሣል ብሎ አልከለከለም፤ ዋጋውን ብቻ አስወደደው።

141 ፍላጎቶች

በዚያው ዘመን ክሪስቶፈር አሌክሳንደር የሚባል ሰው ተነሣ። በካምብሪጅ ሒሳብና አርክቴክቸር አጥንቶ ወደ ሃርቫርድ የተሻገረ ነው። ይህ ሰው በአንድ የሕንድ መንደር ተቀምጦ መንደሪቱ የሚያስፈልጓትን ነገሮች አንድ በአንድ ቢመዘግብ 141 ሆኑ። የትኛው ፍላጎት ከየትኛው ጋር እንደሚነካካ ከለየ በኋላ፣ በየወገናቸው የሚከፋፍላቸው የሒሳብ ዘዴ አበጀና ሥራውን ለኮምፒዩተር ሰጠ። ይህ ሁሉ በ1964 «ኖትስ ኦን ዘ ሲንተሲስ ኦቭ ፎርም» በተባለው መጽሐፉ ታተመ።

መጽሐፉ ፕላንን በሒሳብ ዘዴ ለመሥራት ለሚመኙት ሁሉ መመሪያ ሆነ። የደራሲው አቋም ግን ተለወጠ። መጽሐፉ በ1971 እንደገና ሲታተም በጻፈው መቅድም፣ የንድፍን ዘዴ ከንድፍ ሥራው ለይቶ ማጥናት ከንቱ መሆኑን ገልጾ ከዚያ ወገን ራሱን አገለለ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። 141ዱን ፍላጎቶች የዘረዘረው ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ መንደሩ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው። 142ኛ ፍላጎት ቢኖርና ሰውየው ሳያየው ቢቀር፣ መሣሪያው 141ዱን አሳምሮ ይደረድራል እንጂ አንድ ጎደለ ብሎ አይጠይቅም። እንዲያውም የድርደራው ማማር ጉድለቱን ይሸፍነዋል።

አሌክሳንደር በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ፣ ቤቱን የሚሠራውና የሚኖርበት ሰው አንድ በሆነበት አገር ስሕተት ቶሎ ይታረማል ይላል። ይህን ከገጠር የመጣን ልጆች በዓይናችን አይተነዋል። ጎጆ ቢያፈስ ባለቤቱ ሰነፍ ካልሆነ በቀር ያንኑ ሳምንት ሣር ይጨምርበታል። ሠሪና ነዋሪ ሲለያዩ ግን ፍሳሹን የሚያየው አንዱ፣ ብዕሩን የያዘው ሌላው ይሆናል። ኮምፒዩተር ይህን መለያየት አልፈጠረውም፤ ነገር ግን ሠሪው መንደሩን ሳያይ ፕላኑን እንዲጨርስ በማድረግ ሊያሰፋው ይችላል።

መሣሪያው ራሱ ነዋሪውን ቢጠይቅስ?

ሰው ያላየውን መሣሪያው ራሱ ነዋሪውን እየተመለከተ ቢያገኘው አይሻልምን? የሚል አይጠፋም። ይህም ተሞክሯል። በ1970 ከዚያው ከማሳቹሴትስ ተቋም የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ቡድን በኒው ዮርክ ጁዊሽ ሙዚየም «ሲክ» የሚባል ነገር ለትርኢት አቀረበ። በመስተዋት መሰል ሣጥን ውስጥ አይጥ የሚመስሉ ትናንሽ እንስሳት ተለቀቁ፤ በዙሪያቸው 500 ያህል ትናንሽ ኩቦች እንደ ከተማ ተደረደሩ፤ ከላይ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ክንድ ተንጠለጠለ። እንስሳቱ አንዱን ኩብ ጥቂት ቢያንቀሳቅሱት ክንዱ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ብዙ ከገፉት ግን እዚያ እንዲሆን ፈልገዋል ተብሎ በአዲሱ ቦታ ይቀመጣል።

ጠንቋይ ካልሆኑ በቀር እንስሳው ኩቡን ወዶ ይግፋው ወይም ሲሸሽ ይደናቀፍበት በምን ይታወቃል? መሣሪያው መንቀሳቀሱን ያያል፤ ምክንያቱን አያይም። እናታችን በኮሪደር ስትጋግር ቢያይም ኮሪደር ትወዳለች ብሎ ይመዘግብ ነበር።

የጋዜጣው መደርደሪያ

አሌክሳንደር በ1965 «ከተማ ዛፍ አይደለም» የሚል ድርሰት አሳተመ። ዛፍ ሲል ግንዱ ወደ ቅርንጫፍ፣ ቅርንጫፉም ወደ ጭራሮ የሚከፈል፣ አንዱ ቅርንጫፍ ከሌላው ጋር የማይገናኝ አደረጃጀት ማለቱ ነው። መኖሪያው በዚህ፣ ገበያው በዚያ ተብሎ በየመሳቢያው የተለየ ከተማ ዛፍ ነው።

የሰጠው ምሳሌ ተራ ነው። በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ከተማ በአንድ የመንገድ ማዕዘን መድኃኒት ቤት አለ፤ በደጁ የጋዜጣ መደርደሪያ፣ ከፊቱ የትራፊክ መብራት አለ። መንገደኛው መብራቱ እስኪለወጥ ቆሞ የጋዜጦቹን አርእስት ያነባል፤ አንዳንዱም ይገዛል። በመዝገብ ላይ ግን መብራቱ የትራፊክ ነው፤ መደርደሪያው የንግድ ነው። ሁለቱን ያገናኘው መቆም ብቻ ነው፤ መቆም ደግሞ በማንኛውም መሳቢያ ውስጥ አልተጻፈም።

በእኛም ሰፈር ይህ ሞልቷል። የሱቅ በረንዳ ለባለ ሱቁ ንግድ ነው፤ ዝናም ለያዘው መጠለያ ነው፤ ለሰፈር ልጆች መገናኛ ነው፤ ለአዛውንቱ ፀሐይ መሞቂያ ነው። ፕሮግራሙ ይህ ምንድን ነው? ብሎ ሲጠይቅ ግን አንድ ስም ብቻ እንድንሰጠው ይፈልጋል። «በረንዳ፣ 6 ካሬ ሜትር» እንለዋለን። ቦታ ለመቆጠብ ስንፈልግ መጀመሪያ የምንቆርጠውም እርሱኑ ነው።

የሃርትፎርዱ ጣራ

እስካሁን ያወራነው ስለ ኑሮ ምቾት ነው፤ አሁን ስለ ሕይወት እንናገር። በአሜሪካ በኮነቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ በ1975 የተከፈተ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ነበር። ጣራው በብዙ የብረት ዘንጎች የተገጣጠመ፣ ወርዱ 91፣ ርዝመቱ 110 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥንካሬው የተሰላው በኮምፒዩተር ነው። ጣራው መሬት ላይ ተገጣጥሞ ወደ ላይ ከተነሣ በኋላ ቢለካ፣ ስሌቱ ከተናገረው እጥፍ ያህል ጎብጦ ተገኘ። ይህ ለመሐንዲሶቹ ተነገራቸው። እነርሱም በስሌትና በእውነተኛው ሥራ መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት የሚጠበቅ ነው ብለው አለፉት።

በጃንዋሪ 18 ቀን 1978 ከሌሊቱ መጨረሻ ላይ ጣራው በረዶ ተጭኖት ወደቀ። ከጥቂት ሰዓቶች በፊት በዚያ አዳራሽ 5,000 ያህል ሰዎች የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ይመለከቱ ነበር። ጣራው ሲወድቅ አዳራሹ ባዶ ስለ ነበረ አንድም ሰው አልሞተም።

በኋላ ሲመረመር ጥፋቱ የመደመርና የማባዛት ሆኖ አልተገኘም። ጣራው ስሌቱ ከገመተው በላይ ከባድ ነበር፤ ዘንጎቹም በስሌቱ ውስጥ እንደ ታሰበው ከጎን አልተደገፉም። መሣሪያው የተጠየቀውን መልሷል፤ የተጠየቀው ጣራ ግን በሃርትፎርድ የተሠራው ጣራ አልነበረም።

አባቶቻችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ኮምፒዩተር እጅግ የፈጠነ ወረቀት ነው። ጣራው መጉበጡን የለኩ ሰዎች ነበሩ፤ ተናግረዋልም። ያጡት የሚሰማቸውን ነው። በዓይን የታየው ከወረቀቱ ጋር ሲጣላ ለወረቀቱ ተፈረደለት።

የሌላውም ወገን ይሰማ

እንግዲህ ኮምፒዩተሩን ወርውረን ወደ እርሳስ እንመለስ ማለታችን ነውን? አይደለም። በእስፓኝ አገር በቢልባኦ በ1997 የተከፈተውን የጉገንሃይም ሙዚየም እንውሰድ። አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ የሠራቸው የተጣመሙ ግድግዳዎች በተለመደው ፕላን ለግንበኛ ሊገለጹ የሚችሉ አልነበሩም። ቡድኑ ለአውሮፕላን ሥራ የተዘጋጀውን «ካቲያ» የተባለውን የፈረንሳይ ፕሮግራም ባይጠቀም ኖሮ ሕንፃው በዚያ መልክ መቆሙ ያጠራጥራል። ነገር ግን ጌሪ ቅርጹን የፈለገው በእጁ ንድፍ እየሞነጨረና ሞዴል እየሠራ፣ እያፈረሰም ነበር፤ ኮምፒዩተሩ የገባው ያንን ለመለካትና ለሠሪዎች ለማስረዳት ነው። አሳቡ ከሰው፣ ልኩ ከመሣሪያው ሆነ። ይህ ቅደም ተከተል ጤናማ ነው።

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግን እንሠጋለን። ዛሬ ጥቂት ቃላት ሲጻፍላቸው ወዲያው የሕንፃ ሥዕል የሚያወጡ ፕሮግራሞች መጥተዋል። እነዚህ የተማሩት ቀደም ሲል ተሥለውና ፎቶግራፍ ተነሥተው ከተከማቹት ሥዕሎች ነው። የግምጃ ቤቱ ነገር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ በብዛት የተከማቸው በብዛት ይወጣል፤ ያልተከማቸው ይረሳል። የቀድሞው ተማሪ ምጣዱ መጥፋቱን ቢያንስ ያውቅ ነበር፤ የዛሬው የተጠናቀቀ ውብ ሥዕል ሲቀርብለት መጥፋቱንም ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ በዩኒቨርሲቲያችን ፕላን ለሚማሩ ጓደኞቻችን ሦስት ነገሮች እናሳስባለን። አንደኛ፣ ኮምፒዩተሩን ከመክፈታቸው በፊት በቤቱ ከሚኖረው ሰው ጋር ቁጭ ብለው አንድ ቀን ይዋሉ። ሁለተኛ፣ መሣሪያው መልስ ሲሰጣቸው ስለ መልሱ ሳይሆን ስለ ጥያቄው ይመርምሩ፤ ምን ሳንነግረው ቀረን? ይበሉ። ሦስተኛ፣ ዓይን ያየው ከስሌት ጋር ሲጣላ ሥራው ይቁምና ምክንያቱ ይፈለግ።

ወዳጃችን፣ ምስጋና ይግባውና፣ አልተቀየመንም። በሚቀጥለው እሑድ ሜትር ይዞ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። ምጣዱን ለካ፤ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ። ግን እናቱ ስትጋግር ቆሞ ሲያይ የምጣዱ ልክ ብቻ እንደማይበቃ ገባው፤ አክንባሎው ሲነሣ የሚያርፍበት፣ ቡሃቃው የሚቀመጥበት፣ ሰፌዱ የሚዘረጋበት፣ እርሷም ዘወር የምትልበት ቦታ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ሥሎ ከፕሮግራሙ ግምጃ ቤት አስገባው፤ ለክፍል ጓደኞቹም አደላቸው። አሁን ምጣድ እንደ ሶፋው ያለ ድካም ይገኛል።

አዲሱን ፕላን ሊያሳየን በመጣ ጊዜ ሁላችንም አጨበጨብንለት። ያቺ የመጀመሪያዋ ጠያቂ ግን ግቢውን ትክ ብላ አየችና «ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ የት ይተከላል?» አለችው።

ይህ ገና አልተመለሰም። መልስ ያለው አንባቢ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።