የማጅራት ገትር ምርመራ

ማጅራት ገትር አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሸፈነው ስስ ገለፈት ሲቆጣ የሚከሰት ሕመም ነው። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ተነሥቶ አፍሪካን የሚያቋርጠው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ናት። ወረርሽኙ የሚቀሰቀሰው በበጋ፣ አየሩ ደርቆ አቧራ ሲበዛ ነው። በላስታም ይህ ወቅት ምእመናን ለገና ወደ ላሊበላ የሚተሙበት፣ በዋሻው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያንም ጠበል ፍለጋ የሚሰባሰቡበት ነው። ጀርሙ በሳልና በትንፋሽ ስለሚተላለፍ ተጨናንቆ ማደር ይመቸዋል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዘመቻ የተሰጠው ክትባት «ኤ» የተባለውን ዝርያ ቢያዳክምም ሌሎቹ አልጠፉም።

ምርመራው በማየት ይጀምራል። ታማሚው ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት አለበት፤ ብርሃን ይሸሻል፤ ሲጠየቅ ዘግይቶ ወይም ተምታቶበት ይመልሳል። ቀጥሎ በጀርባው ይተኛል። ሐኪሙ መዳፉን ከራሱ ሥር አስገብቶ አገጩን ቀስ አድርጎ ወደ ደረቱ ያመጣል። የተቆጣው ገለፈት ሲወጠር ስለሚያም የማጅራቱ ጡንቻ ይገተራል፤ አንዳንዴም ትከሻው ከራሱ ጋር አብሮ ይነሣል። አንገቱን ወደ ግራና ቀኝ ማዞር ግን ያን ያህል አያስቸግርም፤ የአንገት አጥንት ሕመም ቢሆን ኖሮ ይህም በከበደ ነበር።

አንገቱ ሲታጠፍ ጉልበቶቹ ሳያስበው ከተሰበሰቡ ፖላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ብሩድዚንስኪ በ1909 እ.ኤ.አ. የገለጸው ምልክት ነው። ጭኑ ወደ ሆዱ ታጥፎ እግሩ ሲዘረጋ ሕመሙ እንቢ ካሰኘው ደግሞ የሩሲያው ሐኪም ከርኒግ ምልክት ይባላል። ሁለቱም ሲገኙ ጥርጣሬውን ያጠነክራሉ። ባለመገኘታቸው መዘናጋት ግን አደገኛ ነው፦ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት እያንዳንዳቸውን ያገኘው ከ100 ታማሚዎች በ5ቱ ላይ ብቻ ነው።

ጨቅላ ሕፃን አንገቱ ላይገተር ይችላል። ጡት እምቢ ማለት፣ የማያባራ ለቅሶ ወይም መዝለፍለፍ፣ ሳያለቅስም ያበጠና የተወጠረ እርግብግቢት ይታያሉ። ቆዳ ላይ የወጣ ሽፍታ በብርጭቆ ሲጫኑት ካልጠፋ ደም ከቆዳው ሥር ፈስሷል ማለት ነው፤ በጠይም ቆዳ ላይ በቀላሉ ስለማይታይ የዓይን ቆብ ተገልብጦ፣ መዳፍና ውስጥ እግር ተገልጦ ይፈተሻል።

የልብ ምት መዘግየት ከደም ግፊት መጨመር ጋር፣ የዓይን ብሌኖች መበላለጥ፣ የአንድ ጎን መዛል በራስ ቅል ውስጥ ግፊት መጨመሩን ይጠቁማሉ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ከወገብ ፈሳሽ መቅዳት ይቆያል። ሕመሙን የሚያረጋግጠው ይኸው ፈሳሽ ቢሆንም፣ መቅዳቱ ከዘገየ ወይም ታማሚው ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚላክ ከሆነ እንደ ሴፍትሪያክሶን ያለው መድኃኒት ቀድሞ ይሰጣል።