ወጥ ስያሜ የሌለው ፎቶግራፍ እንደጠፋ ሰነድ ይቆጠራል

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማንኛውም ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት በመዝገብ ቤት እንደሚቀመጥ ይታወቃል። ለሥራ የሚነሡ ፎቶግራፎች ግን ብዙ ጊዜ ካሜራው በሰጣቸው ስም ተከማችተው ይቀራሉ።

የዚህ ጉዳት ጎልቶ የሚታየው ፎቶግራፉ ማስረጃ ሆኖ ሲፈለግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ በላዩ ላይ ለሠፈረው ንብረት ካሣ ይከፈላል። ለአብነት በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ቤት ከመፍረሱ በፊት ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነበር እንበል። ከፈረሰ በኋላ በካሣው ላይ ቅሬታ ቢቀርብ ተመልሶ የሚለካ ግድግዳ አይኖርም። ፎቶግራፉ ካልተገኘ ባለይዞታውም መሥሪያ ቤቱም ማስረጃ ያጣሉ።

ለችግሩ ሦስት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው የካሜራው ቁጥር ነው። አብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች ከ0001 እስከ 9999 ቆጥረው እንደገና ከ0001 ይጀምራሉ። በመሆኑም ሁለት የተለያዩ ምስሎች አንድ ዓይነት ስም ሊይዙ፣ በአንድ ማኅደር ሲገለበጡም አንዱ ሌላውን ሊተካው ይችላል።

ሁለተኛው የፊደል አጻጻፍ ነው። “መድኃኔዓለም”፣ “መድሃኔአለም” እና “መድኃኔ ዓለም” ለአንባቢ አንድ ቦታ ናቸው። ኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች አድርጎ ስለሚያያቸው በአንዱ ሲፈለግ ሌላው ላይገኝ ይችላል።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ካሜራ ቀኑን የሚመዘግበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም የተነሣ ፎቶግራፍ “2017-07-12” ተብሎ ቢሰየም፣ ሌላ ባለሙያ ሐምሌ 5 ቀን 2009 ዓ.ም አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ይህም ከሰባት ዓመት በላይ የሚያሳስት ነው።

ወጥ ስያሜ ለአገራችን እንግዳ አሠራር አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የማይደገም ተከታታይ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከ9 ሺህ በላይ የሆኑት እነዚህ መጻሕፍት ዛሬም በተመራማሪዎች ዘንድ የሚጠቀሱት በዚያው ቁጥር ነው።

መሥሪያ ቤቶችም በዓመተ ምሕረት፣ በወር፣ በቀን፣ በቦታ፣ በጉዳይ መለያና በተራ ቁጥር ቅደም ተከተል መሰየም ይችላሉ። “2017ዓም-07-12-ቦሌ-መድኃኔዓለም-ካሣ-001” የሚለው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ዓመቱ መቅደሙ ፋይሎቹ በጊዜ ቅደም ተከተል እንዲሰለፉ ያደርጋል። “ዓም” የሚለው ምልክት የአቆጣጠሩን ማንነት ይገልጻል። በአንዳንድ ፕሮግራሞች 10 ከ2 ቀድሞ ስለሚሰለፍ ተራ ቁጥሩን በ001 መጀመር ይመረጣል። በደብዳቤ ቁጥር ላይ የተለመደው እዝባር በፋይል ስም ውስጥ ስለማይፈቀድ በጭረት መተካት ይኖርበታል። የቦታ ስሞች አጻጻፍም በአንድ ዝርዝር ተወስኖ ለሁሉም ባለሙያዎች ሊሰጥ ይገባል።

ከስያሜው ጎን ለጎን ዋናው ምስል ሳይነካ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች መቀመጥ አለበት። በቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከ ምስል መጠኑ ከመቀነሱም በላይ ካሜራው የመዘገበውን ቀንና ቦታ ያጣል። ስለሆነም ለማስረጃ የሚፈለግ ምስል በፋይል መልክ ሊላክ ይገባል።

ይህ አሠራር የተለየ በጀትም ሆነ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የውስጥ መመሪያ ማዘጋጀትና ፎቶግራፉ በተነሣበት ዕለት በመመሪያው መሠረት መሰየም ነው። ባለሙያው ቢቀየር እንኳ ተተኪው የሚፈልገውን ምስል ያለ ጠያቂ ማግኘት ሲችል፣ ፎቶግራፍ እንደማንኛውም የመንግሥት ሰነድ ተገቢውን ቦታ ያገኛል።