ሜዳ ላይ የሚገባ ጥላቻ፦ ከበርሊን እስከ ሙኒክ

በጁባ ከተማም ሆነ በጎሮም ካምፕ ኳስና ሩጫ የማይወድ ወጣት ጥቂት ነው። አንዳንዴ ግን ስድቡ ከጨዋታው ይወጣና ወደ ሰው ዘር ይሄዳል። ይህ ነገር የት ድረስ እንደሚያደርስ ለማየት በዚህ እትም ስለ ፀረ አይሁድ ጥላቻ እንነጋገር። ይህ ማለት ሰውን ባጠፋው ነገር ሳይሆን አይሁዳዊ በመሆኑ ብቻ መጥላት ነው።

ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ኦሎምፒክ በናዚዎች አገር በበርሊን ተካሄደ። ግሬቴል በርግማን የምትባል ጀርመናዊት አይሁዳዊት ከፍታ ዘላይ ውድድሩ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው 1 ሜትር ከ60 ዘልላ የአገሯን ክብረ ወሰን ተስተካከለች። ታዲያ ምን ሆነ? ውጤቷ አይበቃም በሚል ሰበብ ከቡድኑ አስወጧት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እነዚሁ ናዚዎች 6 ሚሊዮን ያህል አይሁዶችን ጨረሱ።

ሴፕቴምበር 5 ቀን 1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ «ጥቁር መስከረም» የሚባል የፍልስጤም ታጣቂ ቡድን የእስራኤል ስፖርተኞች ማረፊያ ገባ። ከእስራኤል ቡድን 11 ሰዎች ተገደሉ። የኛው ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ያገኘው ከዚህ 5 ቀን በኋላ ነው።

ሃምሳ ዓመት አለፈ። ኦገስት 15 ቀን 2022 በዚያው በሙኒክ የአውሮፓ ሻምፒዮና ማራቶን ተሮጠ። ኢትዮጵያ የተወለዱት ማሩ ተፈሪና ጋሻው አያሌ ለእስራኤል ሮጠው ብርና ነሐስ፣ ቡድናቸውም ወርቅ አገኘ።

እኛስ ንጹሕ ነን? አይደለንም። አገር ቤት ቤተ እስራኤሎችን «ቡዳ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። ጥላቻው የፈረንጅ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ግን እንለይ። የእስራኤልን መንግሥት ሥራ መቃወም በራሱ የዘር ጥላቻ አይደለም። መንግሥት ለሠራው ሥራ አንዱን ሯጭ ወይም አንዱን ጎረቤት አይሁዳዊ ስለሆነ መበቀል ግን ጥላቻ ነው። ባለሥልጣን ባጠፋው ተራው ሰው በብሔሩ ሲጠየቅ፣ ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ፣ ከኛ መሃል ያላየ ማን አለ?

ለውይይት፦ ሜዳችን ላይ አንድ ተጫዋች በብሔሩ ሲሰደብ ብንሰማ ዝም እንላለን ወይስ ጨዋታውን እናስቆማለን?