አንድ ጠረጴዛ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች

እኔ ሰፈር ውስጥ በቆርኪ ዳማ እየተጫወትኩ ነው ያደግኩት። ያው የምንጨርሰው በጭቅጭቅ ነበር! ለጠረጴዛ ጨዋታ ተብሎ ትልቅ ጉባኤ እንደሚዘጋጅ ስሰማ ሳቄ መጣ። ነገሩ ግን እውነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጋሪ ጋይጋክስ የሚባል ሰው አዳራሽ ተከራይቶ የጦርነት ጨዋታ ወዳጆችን ሰበሰበ። ጉባኤው «ጄን ኮን» ይባላል። በ1969 ዴቭ አርነሰን የተባለ ወጣት እዚያው ተዋወቀው። በ1974 የሁለቱ ሥራ የሆነው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ወጣ።

ታዲያ ይኼ ጨዋታ እንደ ዳማ እርስ በርስ መበላላት የለበትም። አንዱ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «በሩን እከፍታለሁ»፣ «እሸሻለሁ» ይላሉ። መሳካት አለመሳካቱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው እንደ ሉዶ የሚጣለው ዳይስ ነው።

ጄን ኮን ከ2003 ጀምሮ የሚካሄደው ኢንዲያናፖሊስ ነው፤ በ2023 ከ70,000 በላይ ሰው ተገኝቶበታል። ቲኬት የቆረጠ ሰው ከማያውቃቸው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ እንግዳ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል። እዚያ ግን ወሬውን የሚያመጣው ጨዋታው ነው። አንዱ ጨዋታ አራት ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ሁሉ ሰዓት እኔም ብሆን ሁለት ሦስቴ ሳልናገር አልቀርም።