ልጆቹ ከመበተናቸው በፊት፦ አንድ ነሐሴ በአርባ ምንጭ

እኛ ቤት «ጉዞ» ማለት ሦስት ነገር ነው፦ ሰርግ፣ ለቅሶ ወይም ንግሥ። «ዝም ብለን እንዝናና» ብሎ ሻንጣ ያዘጋጀ ሰው በቤተሰባችን ታሪክ አይታወቅም። እናንተም ቤት ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ሻይ ቤት ሰብሰብ ብለን ስለ ዱባይ እናወራለን፣ ቲክቶክ ላይ የሰው አገር ገጠር እያየን ልባችን ይሸፍታል፣ ከእናት ከአባታችን ጋር ግን አንድ ሐይቅ ዳር አብረን ቁጭ ብለን አናውቅም።

ባለፈው ዓመት ግን ነገሩ አሳሰበኝ። ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበር። ካለፈ የሚመደብበትን ዩኒቨርሲቲ እሱም እኛም አናውቅም፤ ጎንደር ሊሆን ይችላል፣ ጅግጅጋም ሊሆን ይችላል። እህቴ 15 ዓመቷ ነው፤ ከክፍሏ የምትወጣው ቻርጀር ፍለጋ ብቻ ነው። አምስታችን በአንድ ጣሪያ ሥር የምንሆንበት የመጨረሻው ክረምት እንደሆነ ገባኝና ሐሳቡን አቀረብኩ።

አባዬ ጸጥ ብሎ ሰማኝና «በዚህ ብር የሰርቪሱን ጣሪያ አናድስም?» አለ።

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ኢኮኖሚክስ ስንማር መጀመሪያ የሚነግሩን፣ አንድን ነገር ስትመርጥ ዋጋው የከፈልከው ብር ሳይሆን የተውከው ነገር ነው የሚል ነው። ታዲያ ይህ ስሌት በሁለቱም በኩል ይሠራል። ጣሪያው ከርሞም እዚያው ይጠብቀናል፤ የሚያፈሰውም ባልዲ ይዞ ይከርማል። ልጁ ግን አይጠብቀንም። ይህን ስለው አባዬ መልስ አልሰጠኝም፤ በነጋታው ግን «ስንት ቀን ነው?» ብሎ ጠየቀ። በእኛ ቤት ቋንቋ ይህ እሺ ማለት ነው።

ለምን አርባ ምንጭ?

አንደኛ፣ የተማርኩት እዚያ ነው። ቤተሰቦቼ ከተማዋን ያዩት ለምርቃቴ መጥተው፣ ጋውን ለብሼ ፎቶ ተነስተን፣ ምሳ በልተን ሲመለሱ ብቻ ነው። የአብዛኞቻችን ወላጆች የዩኒቨርሲቲ ከተማችንን የሚያውቋት በአዳራሿ በኩል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የልጆቹ ዕድሜ ነው። ትንንሽ ልጆችን መዋኛ ገንዳና አይስክሬም ያስደስታቸዋል። የ15 እና የ18 ዓመት ልጅ ግን የሚያወራው ነገር ይፈልጋል። አርባ ምንጭ በአንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሐይቅ፣ ጫካ፣ አዞ፣ የሸማኔ መንደርና ደጋ አላት። አንዱ ቢሰለች ሌላው አይሰለችም።

ሦስተኛው የአየሩ ነገር ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ ብዙ ቤተሰብም «በዝናብ ወዴት ይኬዳል?» ይላል። የአርባ ምንጭ ቆላ ግን ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ቀጥሎ በመስከረምና በጥቅምት ይመለሳል። በነሐሴ አዲስ አበባ በጭቃ ስትዋኝ እዚያ ፀሐይ ማግኘት ይቻላል። እንግሊዝ አገር ትምህርት ሲዘጋ የገጠር ማረፊያ ቤት ኪራይ ጣሪያ ይነካል፤ ርካሽ ሳምንት ፍለጋ ልጁን ከክፍል የሚያስቀር ወላጅም ይቀጣል። እኛ ደግሞ ልጆቹ ነፃ በሆኑበት ጊዜ በርካሽ የምንሄድበት ቆላ አለን፤ አንጠቀምበትም እንጂ።

ብሩን ማን ይያዝ?

ከትልልቅ ልጆች ጋር ጉዞ የሚበላሸው፣ እናትና አባት ሁሉን ወስነው ልጆቹን እንደ ሻንጣ ሲጭኗቸው ነው። እኛ ሥራ ተከፋፈልን። እህቴ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታ ማደሪያዎችን እየደወለች አነጻጸረች። ከሰው ጋር በስልክ ማውራት የምትፈራው ልጅ በሦስተኛው ጥሪ «ለአራት ሌሊት ስንት ትቀንሳላችሁ?» ስትል ሰማኋት። ወንድሜ ገንዘብ ያዥ ሆነ። እያንዳንዱ ሰው ደግሞ አንድ ግማሽ ቀን የራሱ ነው፤ የመረጠውን ሌላው ሳያጉረመርም ይከተላል።

በጀታችን ከ100 ብር እንዲህ ተከፈለ፦ 40ው ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ፣ 25ቱ ማደሪያ፣ 20ው ጀልባ፣ መኪናና አስጎብኚ፣ 15ቱ ምግብ። አውሮፕላን አለ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። አምስት ቲኬት ሲባዛ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ስለዚህ በሌሊት ተነስተን በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ምግብና ቲኬት በሰው ቁጥር ይባዛል፣ የመኪናና የጀልባ ኪራይ ግን ለሰው ቁጥር ይካፈላል። ስለዚህ ማደሪያችን ውስጥ ካገኘናቸው ሌላ ቤተሰብ ጋር ጀልባ ተጋራን። ወንድሜ ይህን ሐሳብ ያመጣው ራሱ ነው፤ አባዬ በኩራት ሲያየው አይቻለሁ።

ምን አየን?

ከተማዋ ሁለት ፎቅ ያላት ቤት ትመስላለች፤ ታች ሲቀላ፣ ላይ ሴቻ። ሲቀላ ገበያውና ግርግሩ ነው። ከሴቻ ጫፍ ሆናችሁ ስታዩ ሁለቱ ሐይቆች ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋሉ። ዓባያ ከጣና ቀጥሎ የአገራችን ሁለተኛው ትልቅ ሐይቅ ነው፤ ወንዞች ከደጋ ጠርገው የሚያመጡት አፈር ቶሎ ስለማይዘቅጥ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ጫሞ ደግሞ ሰማያዊ ነው። በመካከላቸው ያለችው መሬት «የእግዜር ድልድይ» ትባላለች።

ጫሞ የወንድሜ ምርጫ ነበር። ጠዋት አዞዎቹ ፀሐይ ለመሞቅ ዳር ላይ ተደርድረው ይወጣሉ፤ ቦታው «የአዞ ገበያ» የተባለውም እንደ ገበያተኛ ስለሚሰበሰቡ ነው። አጠገባቸው ጉማሬዎች ጆሯቸውን ያርገበግባሉ። እህቴ ስልኳን አውጥታ ቀረጸች፤ ከዚያ ኪሷ ከታ ዝም ብላ አየች። እኔ የቆጠርኩት ሁለተኛውን ነው።

እማዬ ከተማዋ ስሟን ያገኘችበትን ምንጮች መረጠች። በጫካው ውስጥ በትልልቅ የሾላ ዛፎች ሥር ከመሬት የሚፈልቀውን ውኃ እያየች «ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳያገባ መምጣቴ ነው?» አለችና ሳቀች። ሳቁ ለእኔ ብዙ ነገር ነበር።

እህቴ ዶርዜን መረጠች። ከአርባ ምንጭ 30 ኪ.ሜ ገደማ ነው፤ ከ1,300 ሜትር ወደ 2,500 ሜትር ስለምትወጡ ሙቀቱ ሰባት ስምንት ዲግሪ ይወርዳል፤ ጃኬት ያዙ። ከቀርከሃ የተሠራው ረጅም ቤት ፊቱ ዝሆን ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ያገለግላል። ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ሽሮ ሜዳ ለበዓል የምንገዛው ጥበብ የስንቱ ሸማኔ ዘር ከዚህ ተራራ እንደሚመዘዝ ልጆቹ እዚያ ነው ያወቁት። ከእንሰት የተጋገረውን ቆጮ በማርና በዳጣ በላን፤ ዳጣው አባዬን አስለቀሰው።

የአባዬ ምርጫ ማንም ያልጠበቀው ነበር። «የጋሞ አባቶች የሚቀመጡበትን አሳዩኝ» አለ። መስከረም 2011 ዓ.ም. የተቆጣ ወጣት ለበቀል ሲወጣ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው የመለሱበትን ቪዲዮ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጋሞዎች ተሰብስበው የሚመክሩበትና ዕርቅ የሚያወርዱበት አደባባይ «ዱቡሻ» ይባላል። አባዬ ለወንድሜ «የትም ብትመደብ ይህን አስታውስ» አለው። ሌላ ምክር አልጨመረም።

ያልሄድንበትና የተነጋገርንበት

የነጭ ሳር ፓርክን ሜዳ አላየነውም። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመ ነው፤ ወደ ሜዳ አህዮቹ ለመድረስ ግን መንገዱ ጠንካራ መኪና ይፈልጋል። ገንዘብ ያዡ አስልቶ «አይሆንም» አለ፣ ተቀበልነው። በምትኩ ማታ ሴቻ ቁጭ ብለን የአንዲት ወፍ ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 የእንግሊዝ አጥኚዎች እዚያ ሜዳ መንገድ ላይ የሞተች፣ በሌሊት ነፍሳት የምታድን ወፍ አገኙ፤ ይዘው የተመለሱት አንድ ክንፏን ነበር። በ1995 አዲስ ዝርያ ናት ተብላ ተመዘገበች፤ ሳይንሳዊ ስሟም «ሶላላ» ተባለ፤ በላቲን «ክንፍ ብቻ» እንደማለት ነው። ክንፏ አሁን በእንግሊዝ ገጠር፣ ትሪንግ በምትባል ከተማ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። እህቴ «እነሱ ክንፉን ለማየት ይመጣሉ፣ እኛ ሜዳውን አላየንም?» አለች። ለሚቀጥለው ጉዞ ምክንያት ተገኘ።

ከመነሳታችሁ በፊት

አርባ ምንጭ ቆላ ናት፤ ወባ አለ። አጎበር ያለው ማደሪያ ጠይቁ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትም ያዙ። ውኃው የቱንም ያህል ቢያምር ሐይቁ ውስጥ አትግቡ፤ አዞው ቱሪስት አይለይም። ወደ ዶርዜ ስትወጡ ሕፃናት መንገድ ላይ እየጨፈሩ መኪና ያስቆማሉ፤ ብር መወርወር ልጆቹን ወደ ጎማ ይጠራል፣ ይልቅ ከሸማኔው ጋቢ ግዙ። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ አጣሩ።

ወንድሜ አሁን የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ከቤት አንድ ቀን ሙሉ ያስኬዳል። ጣሪያው እስካሁን ያፈሳል። የቤተሰቡ ግሩፕ ግን ስሙ አልተቀየረም፣ «አርባ ምንጭ» ይላል፤ አባዬም በየእሑዱ አንድ የጫሞ ፎቶ ይለጥፍበታል። እናንተም ቤት 11ኛ ወይም 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለ ክረምቶቹን ቁጠሩ። ከምታስቡት ያንሳሉ።